በግራ ክንፍ የተሰለፈችው ኩይሳ

የክፍለ ሀገሩ የሴቶች ሊግ አንድ ጨዋታ ሲቀረው የካሶንጎሌ ኮከቦች በአሥራ አራት ነጥብ ከአሥር ክለቦች ዘጠነኛ ነበሩ። በላያቸው የሐይቅ ዳር እኅቶች በአሥራ ስድስት ነጥብ ስምንተኛ ተቀምጠዋል። የቀረው ጨዋታ የእነዚሁ የሁለቱ ሲሆን የሚደረገው በእኛ ሜዳ ነው። በደንቡ መሠረት መጨረሻ የሚወጡት ሁለት ክለቦች ይወርዳሉ። ከዚያ በታች ግን የሴቶች ሊግ ስለሌለ የሚወርዱበት ቦታ የለም፤ ማልያቸውን አጣጥፈው ወደ ቤታቸው ይገባሉ። ሊጉ ከተቋቋመ ወዲህ አሥራ ሁለት ክለቦች ወርደዋል። አንዳቸውም አልተመለሱም፤ መመለሻ አልተሠራላቸውም።

ሜዳው ላይ ኩይሳ ነበረ። የቆመው በሰሜኑ ጎል በኩል፣ ፍፁም ቅጣት ምት ክልሉ ጠርዝ ላይ ነው፤ ቁመቱ ከሁለት ሜትር ትንሽ ያልፋል። ሜዳው የሴቶቹ የሆነውም በእሱ ምክንያት ነው፤ የመንደሩ አለቃ ኩይሳ የሌለበትን ለወንዶቹ ሰጥተው ይኼኛውን ለኮከቦቹ መረቁላቸው። በእኛ ዘንድ መሬት የአለቃው ነው። ኩይሳ ግን መሬት አይደለም፤ ከእናት ወደ ሴት ልጅ የሚተላለፍ ንብረት ነው። የመጀመሪያው ዝናብ ጥሎ የሚበላው ክንፋም ምስጥ ሲወጣ፣ ያለ ባለቤቷ ፈቃድ አንዲት ምስጥ አፉ የከተተ ሰው በመንደሩ ፊት ይዋረዳል። የዚህኛው ባለቤት ባና ንሶፍዋ ናቸው። የንሶፍዋ እናት ማለት ነው፤ ንሶፍዋ ራሷ ስድሳ ስላለፋት የእናቷን ዕድሜ የሚጠይቅ የለም።

ኮከቦቹ ከኩይሳው ጋር መኖር ለምደዋል። የግራ ክንፏ ሞፍያ ኳሱን ከእሱ ጋር አጋጭታ ከተከላካይ ጀርባ ትቀበለው ነበር፤ ከሰው ጋር አንድ ሁለት እንደምትጫወት ሁሉ። ከአሥራ አራቱ ነጥብ ዘጠኙ የተገኘው በዚህ መንገድ ነው።

ከመጨረሻው ጨዋታ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ የሊጉ አዲስ ኮሚሽነር ካፔምብዋ ሜትር ይዞ መጣ። ኩይሳውን ዞሮ ለካና በሜዳ ላይ እንዲቆም የሚፈቀደው ተጫዋችና ዳኛ ብቻ መሆኑን ተናገረ። እስከ ቅዳሜ ካልፈረሰ ጨዋታው ለሐይቅ ዳር ይሰጣል።

ይህ ከሁሉ ይልቅ የነካው ቾላን ነው። ቾላ አምበልና በረኛ ናት፤ ክለቡን ያቋቋመችው እሷ ናት። ሠላሳ አራት ዓመቷ ስለሆነ ኮከቦቹ ከፈረሱ ሌላ ክለብ አይወስዳትም። ወደ ባና ንሶፍዋ ሄዳ እንደ አገራችን የአክብሮት ሰላምታ ተንበርክካ አጨበጨበችና ነገሩን አስረዳች።

"ማዮ፣ እናቴ፣ ሊጉ ኩይሳው ይፍረስ ይላል።"

"ሊጉ የማን ልጅ ነው?" አሉ ባና ንሶፍዋ።

አሮጊቷ እናታቸውን ቆፍሮ ማውጣትና ኩይሳውን ማፍረስ አንድ መሆኑን ነግረው አሰናበቷት። ቾላ በመጣችበት እግሯ ወደ ኮሚሽነሩ ተመለሰች።

"ባ ካፔምብዋ፣ ጌታዬ፣ ሜዳ ላይ የሚቆመው ተጫዋች ብቻ ነው ብለዋል አይደል?"

"ብያለሁ።"

"እንግዲያው ተጫዋች ናት።"

ካፔምብዋ የሚስቅ ሰው አይደለም። ደንቡን ከፍቶ ከመጀመሪያው አንቀጽ ጀምሮ አነበበ። ተጫዋች ሴት መሆን አለባት፤ የአካባቢው ነዋሪ መሆን አለባት፤ በጤና ባለሙያ መመርመር አለባት፤ ቁጥር ያለው ማልያ መልበስ አለባት። ሰው መሆን አለባት የሚል ፈልጎ አጣ። የምዝገባው ጊዜ ሊያልቅ አንድ ቀን ቀርቶታል። የከበደው ፆታዋ ነበር፤ ለዚህም ባና ንሶፍዋ ተጠሩ።

"ውስጧ ያለችው እናት በአንድ ቀን የምትወልደውን ያንተ ዘር በሙሉ ተሰብስቦ አልወለደውም። እሷ ሴት ካልሆነች አንተን ማን ወለደህ?" አሉት።

ካፔምብዋ "ሴት" ብሎ ጻፈ። የጤና ጣቢያው ነርስ እኔ ስለሆንኩ መርማሪዋም እኔ ነበርኩ። ሙቀቷ ከከባቢው አየር በጥቂት ዲግሪ ይበልጣል፤ ቁስል የላትም፤ በስተምሥራቅ በኩል ያለው ስንጥቅ ለጨዋታ አያግድም። ከዚህ የራቀ አልጻፍኩም። ልብስ ሰፊያችን አራት ማልያ ገጣጥሞ አለበሳትና ቁጥር አሥራ አንድ ሆነች።

ጣጣው የታየው ልምምድ ላይ ነው። ኩይሳዋ ከአሥራ አንዱ አንዷ ስለሆነች የሚሮጡት አሥር ብቻ ናቸው። ሞፍያ እንደለመደችው ኳሱን ስታቀብላት ልምምዱን ሊዳኝ የመጣው የመስመር ዳኛ ባንዲራውን አነሳ፤ ኦፍሳይድ። ኩይሳ ሆና አምስት ዓመት ስትጫወት ያልነበረባት ሕግ ተጫዋች በሆነች ማግስት መጣባት። ሰሜኑን ጎል ስንከላከል ደግሞ ከኋላ ቀርታ የተቃራኒን አጥቂዎች በሙሉ ሕጋዊ ታደርጋለች። ቾላ የኩይሳዋ ስም እንዲሰረዝ ለመነች። ካፔምብዋ የዝውውር ጊዜው መዘጋቱን ገለጸላት።

ቅዳሜ በመጀመሪያው አጋማሽ ኮከቦቹ ሰሜኑን ጎል ተከላከሉ። የሐይቅ ዳር አጥቂዎች ከተከላካዮቻችን ጀርባ እንደ ልባቸው ይቆሙ ነበር፤ ባንዲራ አልተነሳባቸውም። ቾላ ሰባት ኳስ አዳነች፤ አንዱን በፊቷ። አፍንጫዋ ውስጥ ጥጥ ስከት የምትጠይቀኝ ስለ አፍንጫዋ አልነበረም። አቻ እንደማይበቃን እያወቀች ደጋግማ ውጤቱን ጠየቀችኝ። ዜሮ ለዜሮ ነበር።

በእረፍት ሰዓት የዓመቱ የመጀመሪያ ዝናብ ጣለ። የሐይቅ ዳር አሠልጣኝ እያንዳንዷ ተጫዋች ጠባቂ ይኑራት ብሎ ካቴቤ የምትባለውን ግዙፍ ተከላካይ ለኩይሳዋ መደበላት። ከፊቷ አንድ እርምጃ ርቃ እንድትቆም፣ ኩይሳዋ ከተንቀሳቀሰች ብቻ እንድትንቀሳቀስ አዘዛት። ካቴቤ የታዘዘችውን አደረገች። ደጋፊዎቻችን ኩይሳዋ አምልጣት እንዳትሄድ መከሯት፤ አንዷ እንዲያውም ገመድ ወረወረችላት።

ዝናቡ አባርቶ ጀምበር ስትወጣ ምስጡ ተነሣ። ከኩይሳዋ አናት እንደ ጭስ ተትጎለጎለና በመስመሩ ላይ አልፎ ከሜዳ ወጣ። ዳኛዋ ፊሽካ ነፋች። ኮሚሽነሩ ዘንድ ሄዳ ተማከረችና ተመልሳ፣ ያለ ዳኛ ፈቃድ ከሜዳ በመውጣት ለቁጥር አሥራ አንድ ቢጫ ካርድ አሳየች። ሕዝቡ ሳፋ በእጁ ይዞ ከመስመሩ ወዲህ ቆመ፤ ባና ንሶፍዋ አልፈቀዱማ። ካቴቤ በምስጥ ተሸፍና አፏን ግጥም አድርጋ ዘጋች። እሷም በእናቷ ወገን ኩይሳ ያላት የጨዋ ልጅ ናት።

ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው በሰሜን በኩል የእጅ ውርወራ አገኘን። ቾላ ጎሏን ባዶ ጥላ ሜዳውን ሙሉ ሮጣ መጣች፤ ከክለቡ እንደ እሷ አርቆ የሚወረውር የለም። ሐይቅ ዳሮች ስቀው ሳይጨርሱ ባና ንሶፍዋ ከመስመሩ ዳር ተነሡ።

"ልጄ፣ እንግዳ ነሽ፤ ተፈቅዶልሻል፤ ብዪ" አሏት ለካቴቤ።

በእኛ አገር የኩይሳ ባለቤት ስትጋብዝ እምቢ ማለት ስድብ ነው፤ ለእሷም ለእናቷም። ካቴቤ አሠልጣኟን አየች፣ አሮጊቷን አየች፤ እጅ ነሥታ ጎንበስ አለችና ከመሬት ማፈስ ጀመረች። ቾላ በዚያው ቅጽበት ወረወረች። ኳሱ በካቴቤ ጀርባ ላይ አልፎ የኩይሳዋን ትከሻ መታና ነጥሮ፣ ከዓይኗ ክንፍ የምትጠርገውን በረኛ አልፎ ገባ።

የሐይቅ ዳር አሠልጣኝ በእጅ ውርወራ በቀጥታ የገባ ጎል እንደማይጸድቅ ጮኾ ተከራከረ። ልክ ነው፣ አይጸድቅም። ካፔምብዋ ግን ኳሱ በመንገዱ የተመዘገበች ተጫዋች መንካቱን፣ ከእጅ ውርወራ ደግሞ ኦፍሳይድ እንደሌለ ገጹን ገልጦ አሳየው።

"ድንጋይ ነው እኮ የነካው" አለ አሠልጣኙ።

"ድንጋይ ከሆነች ለምን ጠባቂ መደብክባት?" አለችው ቾላ።

ጎሉ ጸደቀ። ዳኛዋ ኳሱን መሐል አስቀምጣ ጥቂት አጫወተችና የመጨረሻውን ፊሽካ ነፋች። የካሶንጎሌ ኮከቦች ዓመቱን በአሥራ ሰባት ነጥብና በሃያ ሁለት የጎል ዕዳ ስምንተኛ ሆነው ጨረሱ።