የባንተአምላክ መታቀፊያ ሳጥን

ባንተአምላክ ደብረ ታቦር ውስጥ ኤሌክትሮኒክስ ያስተምራል። አማቱ ወይዘሮ ፈንታነሽ ግን ሥራው ምን እንደሆነ ሲጠየቁ «ሽቦ ይነካካል» ይላሉ። ክፋት የለባቸውም። ልጃቸውን አለምወርቅን ካገባ ጀምሮ የእጁን ሥራ በዓይናቸው አይተው ስለማያውቁ ነው። ባንተአምላክም ይህን ያውቃል፤ ቢሆንም ያንገበግበዋል።

አንድ ዓመት ክረምቱ እንደወጣ እንቁላል የሚፈለፍል ሳጥን ለመሥራት ተነሣ። ሳጥኑን ከኮምፔንሳቶ አበጀ። ለሙቀት አምፖል፣ ለአየር ማራገቢያ፣ እንቁላሎቹን ለማገላበጥ ደግሞ ትንሽ ሞተር ገጠመለት። መብራት ቢጠፋ ብሎ የመኪና ባትሪ ጨመረበት። ይህን ሁሉ የምታዝዘው የክብሪት ቀፎ የምታህል አንዲት የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ናት።

«ይህች ቦርድ ያላት አንድ ራስ ነው፤ ሥራዋ ግን ብዙ ነው» ብሎ ለአማቱ አስረዳ። «ሙቀት ትለካለች፣ እንቁላል ታገላብጣለች፣ ሙቀቱን በዚህ ስክሪን ላይ ትጽፋለች። ሥራው ሁሉ በሰዓቱ እንዲደርስ ውስጧ እንደ ድግስ ቤት አጋፋሪ ያለ ፕሮግራም ጭኛለሁ። እያንዳንዱ ሥራ ማዕረግ አለው። ባለ ማዕረጉ ሲመጣ ዝቅ ያለው ቦታ ይለቃል።»

«ዶሮዬም ያላት አንድ ራስ ነው» አሉ ወይዘሮ ፈንታነሽ። «ያለ አጋፋሪ ስትፈለፍል ኖራለች።»

አለምወርቅ ፊቷን አዙራ ሳቀች።

ሳጥኑና ዶሮዋ እንዲፎካከሩ እንቁላሎቹን እኩል ተካፈሉ። ግማሹ ሳጥኑ ውስጥ ገባ፤ ግማሹ ጓሮ ለተቀመጠችው ገብስማ ዶሮ ተሰጠ።

የመጀመሪያው ሳምንት በሰላም አለፈ። ወሬው ሰፈሩን ሲያዳርስ ጎረቤቱም የሥራ ባልደረባውም ሳጥኑን ሊያይ ይመጣ ጀመር። እንግዳ ሲበዛ የባንተአምላክ ልብ አበጠ። በስክሪኑ ላይ «እንኳን ደህና መጡ» የሚል ጽሑፍ እንዲያልፍ አደረገ፤ ከጽሑፉ ኋላ የምትጨፍር ጫጩት ሣለ። ጭፈራዋ እንዳይቆራረጥ ብሎም ለስክሪኑ ከሁሉ የላቀውን ማዕረግ ሰጠው።

ቅዳሜ ከገበያ የተመለሰ ሰው ሁሉ ጎራ አለ። ጫጩቷም ቀኑን ሙሉ ስትጨፍር ዋለች። እንግዶቹ ሲሸኙ ባንተአምላክ እጁን ወደ ሳጥኑ ቢሰድ እንቁላሎቹ የወንዝ ጠጠር መስለው በርደዋል። ስክሪኑ ግን የጧቱን ሙቀት እንደጻፈ ነው።

ኮምፒውተሩን ከቦርዷ ጋር አገናኝቶ ቀኑን ማን ሲሠራ እንደዋለ ጠየቃት። መልሷ ግልጽ ነበር። ስክሪኑ ለአፍታ እንኳ ቦታ አልለቀቀም፤ ሙቀት ጠባቂው ሥራ ከጧት ጀምሮ ተራውን ሲጠብቅ ውሏል። ባንተአምላክ አዝማሪውን ከፊት አስቀምጦ ወጥ ሠሪዋን ደጅ አስቀርቷት ኖሯል። ወዲያው ማዕረጉን ገለበጠው፤ ሙቀቱን ከላይ፣ ማገላበጡን ቀጥሎ፣ ጭፈራውን ከሁሉ በታች አደረገ። ሙቀት ጠባቂው ድምፁን ካጠፋ የሚጮህ ደወልም ጨመረ።

እንቁላሎቹን በስልኩ መብራት አንድ በአንድ አያቸው። ገሚሶቹ ውስጥ ሕይወት ይላወሳል፤ ሌሎቹ ጸጥ ብለዋል። የሆነውን ሳይደብቅ ለአማቱ ነገራቸው።

«ልጄ» አሉ ወይዘሮ ፈንታነሽ በሳቅ ፍርስ ብለው፣ «ሳይወለዱ ሰርግ ደገስክላቸው?»

ባንተአምላክ አንገቱን ደፋ። ማታ እራት ላይም አለምወርቅ የሰርግ ዘፈን እየዘፈነች ትከሻዋን ሰበቀችበት።

ከጥቂት ቀን በኋላ ግን ሸለምጥማጥ ጓሮ ገባ። ገብስማዋ ነፍሷን አተረፈች እንጂ ዳግም ወደ ጎጆዋ አልጠጋ አለች። ቢለምኗት፣ ጥሬ ቢበትኑላት፣ በቅርጫት ቢደፏት እምቢ አለች። ወይዘሮ ፈንታነሽ እንቁላሎቹን በነጠላቸው ቋጥረው ደጃፉ ላይ ቆሙ።

«ሳጥንህ እንግዳ ይቀበላል?» አሉ።

ባንተአምላክ ሊመልስላቸው የሚችለው ብዙ ነገር ነበር። ደግሞም ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር። ነገር ግን ነጠላውን ደረታቸው ላይ አጥብቀው መያዛቸውን አየ።

«ይግቡ እማማ፤ ሳይበርዱ እንድረስላቸው» አላቸው።

ከዚያ ወዲያ ወይዘሮ ፈንታነሽ ከሳጥኑ ራቅ አላሉም። በመስታወቱ አጮልቀው ያያሉ፤ የምትጨፍረዋ ጫጩት ብቅ ስትል «አንቺ አርፈሽ ተቀመጭ፤ ሥራ አለ» ብለው ይገሥጿታል።

አንድ ጧት ሳጥኑ ውስጥ ጭው ጭው የሚል ድምፅ ተሰማ። አንዷ ቅርፊቷን ሰበረች፤ ሌሎቹ ተከተሏት። እርጥብ ላባቸው እስኪደርቅ ጠብቀው ሲያወጧቸው የቱ የዶሮዋ፣ የቱ የሳጥኑ እንደሆነ የሚለይ ጠፋ። ወይዘሮ ፈንታነሽ ደህና ደህናዎቹን ሁሉ «የኔ ናቸው» አሉ፤ ማንም አልተከራከራቸውም።

ጫጩቶቹ ግን ዓይናቸውን ገልጠው መጀመሪያ ያዩት የባንተአምላክን ጫማ ነው። ገብስማዋን ቢያሳዩአቸው ዞር ብለው አላዩአትም፤ እሷም አልወደደቻቸውም። ባንተአምላክ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወደ በሩ ሲራመድ ተሰልፈው ተከተሉት። ቢቆም ቆሙ። ቢሮጥ እየወደቁ እየተነሡ ሮጡ።

«ኧረ ያዥልኝ፤ ተማሪዎቼ እየጠበቁኝ ነው» አላት ሚስቱን።

«እናት ልጆቿን ጥላ የት ትሄዳለች?» አለች አለምወርቅ፤ ከመቀመጫዋም አልተነሣች።

ባንተአምላክ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። አንዷ የጫማውን ማሰሪያ ነክሳ ትጎትት ጀመር። ወይዘሮ ፈንታነሽ የተከካ ገብስ በመዳፋቸው ይዘው መጡና አጠገቡ ተቀመጡ።