የስለቱ ወተት

ባሌ አስረስ ሲፈራ አፉ አያርፍም። ላማችን ቡሬ ምጥ ይዟት፣ የጥጃዋ እግሮች ወጥተው ጭንቅላቷ አልመጣ ሲል፣ እኔ ክንዴን ቅባት ለቅልቄ እጎትታለሁ፤ እሱ በረቱ በር ላይ ተንበርክኮ ይሳላል። «አቦዬ፣ ጻድቁ! ጥጃዋን በሕይወት አውጣልኝ እንጂ፣ ክረምት እስኪገባ የቡሬ ወተት ለጸበልተኞችህ ነው። አንዲት ጠብታ አላስቀርም!» አለ። አንዲት ጠብታ! ማን ጠየቀው? ግማሹን ቢል ጻድቁ ይቀየሙት ነበር?

ጥጃዋ ወጣች፤ ሴት ናት። በሰማንያ ስምንት ዓ.ም. ግንቦት ላይ ነው። ቡሬ አርጅታለች፤ ከዚህ በኋላ እንደማትወልድ ሁለታችንም እናውቃለን። ሌላ ከብት ለመግዛት አቅም የለንም። ይቺ ጥጃ ካደገች በረታችን ይቀጥላል፤ ካላደገች በሩን መዝጋት ነው። እንገር ወተት አይደለም ብዬ ተከራክሬ፣ የመጀመሪያዎቹን ቀናት የእናቷን ጡት ጠባች። ከዚያ ወዲያ ስለቱ ጀመረ።

አስረስ መካኒሳ ውስጥ የአንድ የከብት መኖ መጋዘን ጥበቃ ነበር። በወተት ፈንታ ለጥጃ የሚሰጥ የውጭ ዱቄት እዚያ ይመጣል። ውድ ስለሆነ እኛ አንሞክረውም። እሱ ግን ከረጢቱ ላይ የተጻፈውን ሰው አስነብቦ መጣ፤ የወተት ዱቄት፣ አኩሪ አተር፣ ስንዴ፣ ዘይት። «ይሄማ አጥሚት ነው!» አለኝ ደስ ብሎት። አራስ በአጥሚት ትጠነክር የለ፣ ጥጃስ ምን ይላታል? አኩሪ አተሩን ቆልቶ ወፍጮ ቤት አስፈጨ፤ ከስንዴ ዱቄት ጋር አፍልቶ ዘይት ጠብ አደረገበት፤ ከላዩ አንድ ማንኪያ የወተት ዱቄት በተነ። እውነቱን ለመናገር ሽታው ጥሩ ነበር። ጥጃዋም ጣቱን እየጠባች ጠጣችው።

ቡሬ ጥጃዋ ካልነካቻት ወተት አትለቅም። ስለዚህ በየጠዋቱ ጥጃዋን አምጥቼ አፏን ጡቱ ላይ አስነካለሁ፤ ወተቱ ሲመጣ ጎትቼ ካስማ ላይ አስራታለሁ። ማለቡን እሱ ወሰደ፣ መጎተቱን ለኔ ተወልኝ። ጎበዝ!

ጣሳውን ይዘን አቦ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ መጀመሪያ የሚቀበሉን እማማ በቀለች ነበሩ። ከብት መሀል ያደጉ የገጠር ሴት ናቸው፤ ጸበል ሊጠመቁ መጥተው እዚያው ከርመዋል፤ በሽታው አጥንታቸውን ብቻ አስቀርቶላቸዋል። ከመቅመሳቸው በፊት «ጥጃዋ ጠብታለች?» አሉ።

«የሷን በዱቄት ሠርተንላታል» አላቸው አስረስ፣ ኮራ ብሎ።

«ዱቄት? ኧረ ልጄ፣ ለሷም ተዉላት። የጥጃ ጉሮሮ ዘግቼ ለኔ ምን ይወርድልኛል?»

የጠጡት ስንት ተለምነው ነው። ከዚያም በኋላ በየቀኑ ይጠይቁታል፤ እሱ እውነቱን ይነግራቸዋል፣ እሳቸው ይቆጡታል። ቁጣቸውን ሰምቶ ይመለስና አጥሚቱን ይጥዳል።

ብዙም ሳይቆይ ጥጃዋን ተቅማጥ ያዛት። አስረስ ደክሟት ነው ብሎ አጥሚቱን አወፈረው። ባወፈረው ቁጥር ይብስባታል፣ በባሰባት ቁጥር ያወፍረዋል። ዓይኗ ጎደጎደ፣ ጆሮዋ ቀዘቀዘ። አላስችል ሲለኝ የከብት ሐኪሙን ላቀውን ጠራሁት። ሆዷን ዳሰሰና አጥሚቱን አሽትቶ አስቀመጠው።

«የፋብሪካው ሌላ፣ ይሄ ሌላ» አለ። «የፋብሪካው አብዛኛው ከወተት የወጣ ነው፤ አኩሪ አተሩም ተጣርቶ ነው የሚገባው። የዚች ሆድ ገና ወተት ብቻ ነው የሚያውቀው። ወተት ሆዷ ውስጥ እንደ አይብ ይረጋል፣ ቀስ እያለ ይፈጫል። ይሄ ግን ሳይረጋ ያልፋል። ሆዷ ሞልቶ እየተራበች ነው። ስኳርና ጨው በውሃ በጥብጣችሁ ስጧት፤ ወተቷንም መልሱላት፤ አለዚያ አትተርፍም።»

ላቀው እንደወጣ ጣሳውን ከአስረስ እጅ ቀማሁት። «ከዛሬ ጀምሮ ለሷ ነው!» አልኩ።

አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ውዳሴ ተሽሏት ሳለ የተሳልንላትን ዣንጥላ ዛሬ ነገ ስንል ነው ያጣናት። ረሳሽው?» አለኝ።

ውዳሴ ልጃችን ናት፤ አንድ ልጃችን። ትኩሳቱ ነው ተመልሶ የገደላት፣ ዣንጥላ አይደለም ብዬ ስንቴ ነግሬዋለሁ። ስሟን ሲጠራ ግን ጣሳውን መለስኩለት።

ስኳርና ጨው ብቻውን ትንሽ አቆያት። አንድ ጠዋት ላመጣት ስሄድ ካስማዋ ሥር ሞታ ተዘርግታ አገኘኋት። ቡሬ ትጣራለች። ወተቷንም ያዘች፤ አስረስ ቢያባብላት፣ ቢያሻሻት አልለቅም አለች።

«በቃ፤ ጻድቁም ያዩታል» አልኩት።

እሱ ቢላዋ አወጣ። የጥጃዋን ቆዳ ገፎ ገለባ ጠቀጠቀበት፤ ጨው ነስንሶ ቡሬ አፍንጫ ሥር አቆመው። የኔ ሞኝ፣ ላሰችው። እየላሰች ወተቷን ለቀቀች። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ አለቀስኩ።

አቦ ስንደርስ ያካፋ ነበር። እማማ በቀለች ብርድ ልብሳቸውን ተከናንበው ወጡ። ጣሳውን በሁለት እጃቸው ያዙና እንደ ልማዳቸው አስረስን ቀና ብለው አዩት።

«ጥጃዋ ጠብታለች?»

አስረስ እዚያ ደጅ ላይ ዋሽቶ አያውቅም። ይሄን ሁሉ ያደረገው ለዚያ ደጅ የገባው ቃል እንዳይታጠፍ ነው። ጥፍሩ ሥር የጥጃዋ ደም ደርቋል።

«ጠግባለች፣ እማማ» አለ።

«ተመስገን! አሳድጎ ለወተት ያብቃላችሁ» አሉና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይለመኑ ጠጡ።

አስረስ አሜን ለማለት አፉን ከፈተና አቃተው። ሰው ሲመርቅ ዝም አይባልም፤ እኔ አልኩለት።