ጣራው ላይ የተሰጣው ነጠላ

«የእኔ ግመል ምን በደለች?» አሉ ኦቦ ሙሜ ከዋርካው ሥር ቆመው። «ጠላት ናት? ድንበር ጥሳለች? ጄቱ አናታችን ላይ ሲጮኽ በርግጋ ገደል ገባች። ወላሂ፣ ዛሬውኑ ለአውራጃው ገዢ አቤት እላለሁ!»

«ኧረ ይተዉ ኦቦ ሙሜ» አለ ከጎጃም ተመድቦ የመጣው መምህር ሽፈራው። «አገር የሚጠብቅ ጄት ነው እኮ። ትንሽ ጩኸት ብንችል ምናለበት?»

«አገር የሚጠብቀው ከእኔ ቆርቆሮ ላይ ነው እንዴ?» አለች ጫት ነጋዴዋ ፋጤ። «ልጄ ከደነገጠ ወዲህ ጡት አልይዝ አለኝ። የሚኤሶ ሜዳ ሰፊ ነው፤ እዚያ ሄዶ ይጩኽ!»

ዋርካው ሥር የተሰበሰበው ሰው ሳቀ። እትዬ ባየች ግን አልሳቁም። ልጃቸው ጎበዜ አብራሪ መሆኑን የአሰበ ተፈሪ ከተማ በሙሉ ያውቃል፤ ያ ጄት የእሱ መሆኑን የሚያውቁት ግን እሳቸው ብቻ ናቸው። ለፋሲካ መጥቶ ሳለ «እማዬ፣ በዚህ ሳልፍ ነጠላሽን ጣራው ላይ ካየሁ ደህና ነሽ ማለት ነው፤ አይቼ እሄዳለሁ» ብሏቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ነጠላቸውን ቆርቆሮው ላይ አስጥተው ድንጋይ ይጭኑበታል። ጄቱ ሲያልፍ እልል ይላሉ። እልልታቸው መሀል የሙሜ ግመል ገደል መግባቷን ግን የት አውቀው!

አሁን ግን አቤቱታው ገዢው ዘንድ ከደረሰ ጎበዜን ከጄቱ ያወርዱታል። ያ ልጅ ደግሞ ነፍስ ካወቀ ጀምሮ ከመብረር ሌላ የተመኘው ነገር የለም። ተነሡ።

«የእኔ ልጅ ነው» አሉ። «ዝቅ የሚለው ነጠላዬን ሊያይ ነው። አሁኑኑ አወርደዋለሁ፤ ሲያጣው መምጣቱን ይተዋል። እንጀራውን አትዝጉበት፣ በወለዳችሁ!»

 ኦቦ ሙሜ ጢማቸውን አሻሹ።

«እናት ነሽ፤ ምን እልሻለሁ?» አሉ። «አውርጂው። እኔም አልከስም።»

እትዬ ባየች ቤታቸው ደርሰው መሰላል ላይ ወጡ፤ ድንጋዮቹን አንሥተው ነጠላውን ትከሻቸው ላይ ጣሉት። ተቀመጡ፣ ተነሡ፤ ደጅ ወጡ፣ ገቡ። አላስችል አላቸው።

ጄቱ መጣ። ቆርቆሮውን አንቀጥቅጦ አለፈ። «እፎይ፣ ሄደልኝ» አሉ።

አልሄደም። ዞሮ መጣ፣ ከቅድሙ ዝቅ ብሎ። ከገበያው የአህያና የሰው ጩኸት ተሰማ። ደግሞ ዞረ፤ አሁን ባሕር ዛፎቹን ሊነካ ምንም አልቀረውም።

«ውይ በሞትኩት!» እትዬ ባየች ደረታቸውን መቱ። «ሞታለች ብሎ ነው! ልጄ፣ እናቴ ሞታለች ብሎ ነው የሚፈልገኝ!»

ሮጠው ግቢው መሀል ቆሙና ነጠላውን አውለበለቡ። ነጠላው ግን ክንዳቸው ላይ ይጠቀለልባቸዋል። በዚህ መሀል ኦቦ ሙሜ በሩን በርግደው ገቡ፣ እያለከለኩ፤ ነጩን ጥምጥማቸውን ከራሳቸው ላይ እየፈቱ።

«ያዢ!» አሉ አንዱን ጫፍ እየወረወሩ። «ወጥሪው፣ ባየች! ይይሽና ይሂድ!»

ነጩን ጥምጥም ከሁለት ጫፍ ወጥረው እንደቆሙ፣ ጄቱ ከተራራው ጀርባ እንደገና ዞሮ ሲመጣ ድምፁ ቀድሞት ደረሰ።