የመምህር ጌታሁን ጓዝ

መምህር ጌታሁን ጡረታ በወጣ በሦስተኛው ወር ሞተር ሳይክል ገዛ፤ በአራተኛው ወር ደግሞ የቦርሳ ነገር ያዘው። ያዘው ነው የሚባለው፣ ሌላ ቃል የለውም። ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ አጠገብ ዕቃ የጫነ ሞተር ቆሞ ካየ ባለቤቱ ሻዩን ጠጥቶ እስኪወጣ ይጠብቃል። «ይቅርታ ወንድሜ፣ ይህ ሣጥን ዝናብ ያስገባል? መንገዱ ሲያንገጫግጨው ብሎኑ አይላላም?» ይለዋል። ሰውየው ከላይ እስከ ታች ቃኝቶት፣ ሌባ አለመሆኑን ሲያረጋግጥ ይመልስለታል። ጌታሁን የሰማውን ሁሉ ከኪሱ ባወጣት ደብተር ይጽፋል።

ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማረ ሰው ነው። ግሽ ዓባይን በጠመኔ ከጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ እንዳፈለቃት እሱም አያውቀው። ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም ትምህርት ቤቶች ርቆ ግን ያስተማረውን አገር በዓይኑ አላየም። አሁን ጥር ላይ አምስት ቀን ሊዞር ነው፤ በፈረስ ቤት ከተማ በኩል ወጥቶ፣ አቆራርጦ ግሽ ዓባይ ደርሶ፣ መራዊ ወርዶ የቆጋን ግድብ አይቶ፣ ከዚያ አስፋልቱን ይዞ በቡሬ በኩል ሊመለስ። ይህ ሁሉ የታሰበው ገና ቦርሳው ሳይመረጥ ነው።

የቆርቆሮ ሣጥን አስቦ በያጅ ዘንድ ሄደ፤ ባዶውን ሲያነሣው ከነዕቃው መሰለው፣ ተወው። ቢጫ ጀሪካን ሰንጥቀው በግራና በቀኝ የሚያስሩ ወተት ነጋዴዎችን አይቶ በጣም ወደደ። ይሁን እንጂ ፀሐይ ሲመታው ይሰነጣጠቃል አሉት። በመጨረሻ ልቡ ወደ ሸራ አዘነበለ። ለሙከራ ሁለት የሸራ ከረጢቶች አሰፍቶ፣ ጓዙን ሞልቶባቸው በሞተሯ ግቢ ውስጥ ይዞር ጀመር። የጎረቤት ሰው ሁሉ አጥሩ ላይ ተደግፎ አየው።

ባለቤቱ እማዋይሽም አየችው። አንድ ቀን እራት ላይ፣ «ቆጋ በጥር ስንዴው አረንጓዴ ነው የሚሉት እውነት ነው?» አለችው።

«እውነት ነው። በመስኖ ነው።»

የገበሬ ልጅ ናት፤ ጥር ማለት ለእሷ አውድማ ነው፣ ገለባ ነው። በዚያ ወር እርጥብ ስንዴ ቆሞ ማሰብ አልሆንላት አለ። «እንግዲያ ልየው። ይዘኸኝ ሂድ» አለች።

«ሞተሯ አትችልም እማ። ጓዙ አለ፣ እኔ አለሁ። አንቺ ስትጨመሪ ይከብዳታል።»

እማዋይሽ አንድ ጊዜ የጠየቀችውን ደግማ አትጠይቅም። ከዚያ ወዲያ ግን በሞተሩ በኩል ባለፈች ቁጥር የኋላውን መቀመጫ አየት ታደርጋለች። ብትቆጣው ይሻለው ነበር። ከረጢቱን ሲያስር ሲፈታም ዓይኗን ሽሽት ጀርባውን ይሰጣት ጀመር።

ዘላቂውን ቦርሳ የሚሰፋለት ዑስማን ነበር። አባቱ ቡሬ ውስጥ የታወቁ የበቅሎ ኮርቻ ሰፊ ነበሩ፤ እሱ በዚያው ሱቅ ሸራና ቆዳ ይሰፋል፣ ጌታሁንም ቡሬ ሳለ አስተምሮታል። በገበያ ቀን ጌታሁን ጓዙን እንደተሞላ ጭኖ ሄደ። እማዋይሽ በርበሬ ልገዛ ብላ በሚኒባስ ተከተለች። በርበሬውን ገዝታ ስታበቃ ግን ወደ መናኸሪያው አልተመለሰችም፤ ዑስማን ሱቅ መጥታ አግዳሚው ላይ ቁጭ አለች። ምን ዓይነት ቦርሳ እንደሆነ ማየት ፈልጋ ነበር።

«መምህር፣ ቦርሳ ከመምረጥዎ በፊት የሚይዙትን ያሳዩኝ» አለ ዑስማን። «አባቴ ጭነቱን ሳያዩ መርፌ አያነሡም ነበር።»

ሸራ አነጠፈና የቀኙን ከረጢት አወረደ። መፍቻ ወጣ፣ የጎማ መንፊያ ወጣ፣ ትርፍ ሰንሰለትና መዶሻ ወጣ። ጌታሁን ደስ ብሎት አብራራ፤ የጭስ ማውጫው በቀኝ በኩል ስለሆነ ጨርቅ ያቃጥላል፣ ስለዚህ ብረት ብረቱ በቀኝ፣ ልብስ ልብሱ በግራ። ዑስማን ራሱን ነቀነቀ፤ ነገሩ ማስተዋል ያለበት ነው።

ከግራው ከረጢት ሁለት ብርድ ልብስ፣ ሹራብና የበሶ ቋጠሮ ወጣ። ከሥር ደግሞ በአሮጌ ሸሚዝ የተጠቀለለ ነገር ነበር። ዑስማን በአንድ እጁ ሊያነሣው ሞክሮ አቃተው፣ በሁለት እጁ አወጣው። ገልጦ ሲያየው ጥቁር ድንጋይ ነው።

«ይህስ የምን ማዕድን ነው መምህር? ለትምህርት ይሆን?»

«ማመዛኛ ነው» አለ ጌታሁን። «በቀኝ ብረት አለ፣ በግራ ልብስ። እንዳታጋድል ነዋ።»

ጌታሁን በልጅነቱ ወደ ማንኩሳ ገበያ አህያ የነዳ ሰው ነው። የአህያ ጭነት ወደ አንድ ጎን ካጋደለ በቀለለው በኩል ድንጋይ ይጨመራል፤ ይህን ያልሠራ የአካባቢው ልጅ የለም። ሞተሩን መጀመሪያ የጫነ ዕለትም እጁ ያወቀውን ሠራ እንጂ ጭንቅላቱ አልተጠየቀም። ዑስማን ከንፈሩን ነከሰ። አባቱ ሲጭኑ እያየ ያደገ ስለሆነ መሳቅም አልቻለ፣ አለመሳቅም ከበደው።

እማዋይሽ ከአግዳሚው ተነሣች። «ዑስማን፣ እስኪ መዝንልኝ።»

ከጎረቤት የበርበሬ ሚዛን መጣ። አሥራ አንድ ኪሎ ተኩል።

«እኔን አትችልም ያልኸኝ ሞተር ድንጋይ ትችላለች?» አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

«እሱ ለሚዛን...» ብሎ ጀመረና ራሱ አፈረበት። ድንጋዩን አየ፣ እሷን አየ። «ፈርቼ ነው» አለ። «ለልምምድ ወደ ፈረስ ቤት መውጫ ሄጄ ጠጠሩ ላይ ወደቅሁ። አንቺን ከኋላ ይዤ ብወድቅስ እያልሁ እንቅልፍ አጣሁ። ሞተሯ ትችላለች። እኔ ነኝ ያልቻልሁት።»

«መውደቅህን መች አጣሁት? በር መታኝ ብለኸኝ ጠጠሩን ከጉልበትህ የለቀምሁት እኔ አይደለሁ?»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ?»

«እስክትነግረኝ ነዋ። አሁን ንገረኝ፣ ብቻህን ስትሆን ብትወድቅ ማን ሊያነሣህ ነበር?»

ጌታሁን ስለ ብሎን፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ሸራ ውፍረት ስንት ሰው ጠይቆ ደብተር ሞልቷል። ይህን ጥያቄ ግን ማንንም አልጠየቀም፣ ራሱንም ጭምር። አፈረ፤ ከኀፍረቱ ጋር ደግሞ ከደረቱ ላይ አንድ ነገር የተነሣለት መሰለው። «ቀስ ብዬ ነው የምነዳው» አለ በመጨረሻ። «ጠጠር ሲሆን ትወርጃለሽ፤ በእግር እናልፈዋለን።»

«እወርዳለሁ።»

ዑስማን ጉሮሮውን ጠረገ። «መምህር፣ ስንት ሰው ነው የሚሄደው?»

«ሁለት።»

«እንግዲያ እትዬ ይውጡበትና ልለካ። በጎን ነው የሚቀመጡት?»

«በጎንማ አይሆንም» አለ ጌታሁን ቶሎ ብሎ፤ «ጠጠር ላይ ያንሸራትታል። ግን ቀሚስ...»

እማዋይሽ የቀሚሷን ጫፍ በጣቷ ከፍ አደረገች። ከሥሩ ሰማያዊ ሱሪ ታየ፣ አዲስ፣ እጥፋቱ ገና ያልጠፋ። መቼ እንደገዛችው ጌታሁን አላወቀም፣ ሊጠይቅም አልደፈረም። ነጠላዋን አጣፍታ፣ በርበሬዋን አግዳሚው ላይ አስቀምጣ፣ እግሯን አሻግራ ሞተሯ ላይ ተቀመጠች። እጇን የት እንደምታደርግ ስታጣ ጌታሁን ቀረብ ብሎ ትከሻውን ሰጣት። እሷም ያዘችው።

ዑስማን ተንበርክኮ ሜትሩን ከኋላዋ ዘረጋ። ከተቀመጠችበት ጀርባ ሞተሩ ላይ በጠመኔ መስመር አሠመረ። «ጓዙ የሚጀምረው ከዚህ ነው» አለ። «ከዚህ ወዲህ ያለው የእርሳቸው ነው። ቦርሳው ሊያንስብዎት ነው መምህር።»

ጌታሁን ወደ ተነጠፈው ሸራ ጎንበስ ብሎ ክምሩን አየ። ከዚያ አንዱን ብርድ ልብስ ብድግ አድርጎ ለዑስማን ሰጠው።

«ይህ እዚሁ ይቀመጥልኝ» አለ። «አንዱ ይበቃናል።»