የሐሙስ ጥገና

ሂባራ በምትባል የደሴት ከተማ ውስጥ ፍሪጅ ሲታመም የሚጠራው ኤርሜሊዮ ነበር። ዕድሜው ስልሳ አንድ፣ ቁመቱ አጠር፣ ጢሙ ዘለግ ያለ፣ ለወሬ የማይቸኩል ሰው ነው። በደሴቲቱ ላይ መለዋወጫ የሚባል ነገር ከጠፋ ስንት ዓመቱ እንደሆነ ሰው ረስቶታል። ኤርሜሊዮ ግን ከሩሲያ ልብስ ማጠቢያ ሞተር ይነቅላል፣ ከካውያ የሙቀት መቆጣጠሪያ ያወጣል፣ ከብስክሌት የውስጥ ጎማ የበር ላስቲክ ይቆርጣል። በአያት ዘመን ከአሜሪካ በመርከብ የመጡትን፣ ሆዳቸው የተነፋ፣ እጀታቸው የመኪና በር የሚያህል ፍሪጆች እስከ ዛሬ በእግራቸው ያቆማቸው እሱ ነው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ግን ቢፈልጉት አያገኙትም። ሐሙስ የኦዳሊስ ነው።

ኦዳሊስ ልብስ ሰፊ ናት። ባሏ ከሞተ አሥራ አራት ዓመት ሆኗታል። በመንገዱ ዳር፣ ባሕሩ አጠገብ ባለችው ሰማያዊ ቤት ብቻዋን ትኖራለች። ፍሪጇን «አጎቴ» ነው የምትለው፤ ሲነሣ እንደ ሟች አጎቷ ሦስት ጊዜ ያስነጥስና ከዚያ ማንጎራጎር ይጀምራል። ኤርሜሊዮ ሐሙስ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ይመጣል፤ የአጎቴን ጀርባ ከፍቶ ያያል፣ አቧራውን ይጠርጋል፣ «ህም» ይላል፣ ይዘጋዋል። ከዚያ በረንዳ ላይ ይቀመጣሉ። እሷ የቀዘቀዘ የዘይቱን ማርማላታ ከነጭ አይብ ጋር ታቀርብለታለች፤ ስለ ቤዝቦል ያወራሉ፣ የጎረቤት ሐሜት አንድ ሁለት ይሉና ይሄዳል።

ኤርሜሊዮ ይወዳት ነበር። ይኸው፣ እኔ በአንድ ትንፋሽ ተናገርኩት፤ እሱ ግን አሥራ አራት ዓመት አልበቃውም። በየሐሙሱ «ዛሬስ እነግራታለሁ» ብሎ ይነሣል፤ በረንዳው ላይ ሲደርስ ምላሱ ይታሰራል። ቢሆንም ግድ አልሰጠውም። አጎቴ እስካስነጠሰ ድረስ የሚመጣው ሐሙስ አለለት።

በዚያ ዓመት መንግሥት የኃይል አብዮት አወጀ። አሮጌ ዕቃ መብራት ይበላል፤ መብራት በተበላ ቁጥር ማመንጫው ነዳጅ እያቃጠለ ሰማዩን ያጠቁራል፤ ነዳጁ ሲያልቅ ደግሞ ከተማው ይጨልማል፤ ስለዚህ አሮጌው ሁሉ በአዲስ ይለወጥ ተባለ። መጀመሪያ ካናቴራ የለበሱ ወጣቶች ከቤት ቤት እየዞሩ ቢጫውን አምፖል ፈትተው ነጩን ገጠሙ። ይህን ሕዝቡ በደስታ ተቀበለ። ቀጥሎ ተራው የፍሪጅ ሆነ፤ ያኔ ጭቅጭቅ መጣ።

የሠፈሩ ኮሚቴ ሊቀመንበር ኔሬይዳ ነዋሪውን መንገድ ላይ ሰበሰበችው። ፍሪጅ እንድታስለውጥ ከሆልጊን ከተማ የተላከች ያሚላ የምትባል ተማሪ ወንበር ላይ ቆመች።

«ጓዶች፣» አለች፣ «ዓለም እየሞቀች ነው።»

«እኛ ጋ መች ቀዝቅዛ ታውቃለች!» አለ ከኋላ አንዱ፤ ሰው ሳቀ።

«አሮጌው ፍሪጃችሁ የአራት ፍሪጅ መብራት ነው የሚበላው!»

«ይብላ! የቤተሰብ አባል ነው!» አለ ዓሣ አጥማጁ ቤኒግኖ። «አዲሱን የእኅቴ ቤት አይቼዋለሁ። ቀጭን፣ ከሲታ! አንድ ዓሣ ብታስገቢበት ጅራቱ ውጭ ያድራል።»

«እኔ የእናቴን ፍሪጅ አልሰጥም!»

«እኔም!»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ የሂባራ ሰውና ፍሪጁም እንደዚያው ናቸው። ያሚላ ወረቀቷን እያገላበጠች ዓይኗ እንባ ሊያቀርር ሲል ኔሬይዳ እጇን አጨበጨበች።

«በቃ፣ ዝም በሉ! ፍሪጆቻችሁን ከናንተ በላይ የሚያውቃቸው ማነው?»

«ኤርሜሊዮ!»

«ኤርሜሊዮ ከዚህች ልጅ ጋር ይዙር። ስጡ ካለ ትሰጣላችሁ፣ አስቀሩት ካለ ታስቀራላችሁ። ተስማማን?»

ሰዉ ሁሉ ተስማማ። ኤርሜሊዮን የጠየቀው አልነበረም። ስለ ሥራው አልፈራም፤ ቻይናም ብትሆን የሠራችው አንድ ቀን መበላሸቱ አይቀርም። የፈራው በመንገዱ ዳር ያለችውን ሰማያዊ ቤት ነው። ኦዳሊስ ከሰው መሐል ቆማ በካርቶን እያራገበች ታየዋለች። ዓይኑን ወደ ጫማው መለሰ።

በማግስቱ ጠዋት መዞር ጀመሩ። ኤርሜሊዮ እንደ ሐኪም ነው የሠራው፤ በየቤቱ ገብቶ ጆሮውን ለጥፎ ያዳምጣል፣ የበሩን ላስቲክ ይዳስሳል፣ ቆጣሪው እንዴት እንደሚሽከረከር ያያል። ከዚያ እውነቱን ይናገራል።

«ቤኒግኖ፣ ይሄ ፍሪጅህ ከሞተ ሰባት ዓመቱ ነው። አስከሬኑን ነው መብራት የምታበላው።»

«አንተ አይደለህ እንዴ በፋሲካ የጠገንከው?»

«እኔ ነኝ። ሰው ሲለምነኝ እንቢ ማለት አልችልም። አሁን ግን ጠየቅከኝ፤ ስጠው።»

ቤኒግኖ ተሳደበ፣ ፍሪጁን ሳመው፣ ፈረመ። ሌሎቹም እያጉረመረሙ ፈረሙ። ማማ ኩካ ለተባለችው አሮጊት ብቻ ፍሪጇ ውስጥ መጽሐፎቿን ከአይጥ ስለምትደብቅ፣ ሶኬቱም ከተነቀለ ዘጠኝ ዓመት ስለሆነው፣ «ይሄ መብራት አይበላም፣ ተዉላት» ተባለ። ያሚላ ደስ አላት። «ጓድ ኤርሜሊዮ፣ እርስዎ ባይኖሩ ኖሮ ጠፍቼ ነበር» ትለዋለች። እሱ ግን ወደ ባሕሩ በተጠጉ ቁጥር እርምጃው እየከበደ ሄደ።

ሰማያዊዋ ቤት ጋ ሲደርሱ መንገዱን ተሻገረና መመለስ ጀመረ።

«ይቺኛዋን ዘለልናት እኮ» አለች ያሚላ።

«ባለቤቷ የለችም።»

«የስፌት መኪና ይሰማኛል።»

«ውሻ አለ። ክፉ ውሻ ነው።»

«ኤርሜሊዮ!» አለች ኦዳሊስ በመስኮት ብቅ ብላ። «የት ነው የምትሄደው? ከነጋ ጀምሮ ስጠብቃችሁ ነው የዋልኩት!»

«ውሻውስ?» አለች ያሚላ።

«ሞቶ ይሆናል» አለ ኤርሜሊዮ፣ ተከትሏትም ገባ።

ደጃፉ ላይ ሐሳቡን ቆረጠ። ይዋሻል። «ይሄኛው ደኅና ነው፣ ይቆይ» ይላል፣ በቃ። ማንም አይጠይቀውም። ከሠላሳ አንድ ቤት አንዱን ቢያስቀር ዓለም ከሞቀችው በላይ አትሞቅም። እንዲህ እያለ ለራሱ ጠበቃ ቆመ።

ሰዓቱ እኩለ ቀን ነበር፣ ወሩም ነሐሴ። ኤርሜሊዮ በዚህ ሰዓት እዚህ ቤት ገብቶ አያውቅም፤ እሱ የሚመጣው የባሕሩ ነፋስ በረንዳውን ሲያቀዘቅዘው ነው። ክፍሉ ውስጥ አየር የሚባል የለም። ኦዳሊስ አንገቷ ላይ እርጥብ ፎጣ ጣል አድርጋ ትሰፋለች፤ ላቧ በሠርግ ቀሚሱ ላይ እንዳይንጠባጠብ በየደቂቃው ክንዷን ትጠርጋለች። ጥግ ላይ ቬንትሌተር ጨርቅ ለብሶ ቆሟል።

«ቬንትሌተሩ ተበላሽቶ ነው፣ እማማ?» አለች ያሚላ።

«ደኅና ነው ልጄ። ከአጎቴ ጋር አብሮ ሲሰካ ፊውዝ ያቃጥላል። ፍሪጁን ነቅዬ እንዳልሠራ የሰፈሩ ሁሉ በረዶና ዓሣ እኔ ጋ ነው። ስለዚህ እሱ ይቀዝቅዝ፣ እኔ ልሙቅ ብዬ ተውኩት።» ሳቀች። «ባለሙያዬ ነው አታብሪ ያለኝ።»

ኤርሜሊዮ ትዝ አለው። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የአጎቴ ሞተር ሲቃጠል ከአንድ ፋብሪካ ትልቅ ሞተር ፈልጎ ገጠመለት። «ሁለቱን አብረሽ እንዳትሰኪ» አላት፤ ማርማላታውን በልቶ ሄደ። አሥራ አንድ ነሐሴ እዚህ ክፍል ውስጥ እንደዚህ ተቀምጣለች ማለት ነው። እሱ በየሳምንቱ እየመጣ «ህም» ሲል፣ እሷ ስትቀቀል። ፊቱ በኀፍረት ጋለ።

«እህ?» አለች ኦዳሊስ። መርፌዋን አስቀምጣ ቀጥ ብላ አየችው። «ለሌላው ሁሉ ፈርደሃል። የኔን ንገረኝ፤ ልስጠው ወይስ ላስቀረው? አንተ ያልከውን ነው የማደርገው።»

ሁለቱም ሴቶች ይጠብቁታል። አጎቴ ከጥግ ሦስት ጊዜ አስነጠሰ።

«ስጪው» አለ ኤርሜሊዮ።

«ምን አልክ?»

«ስጪው አልኩ። በሩ አይገጥምም፣ ሞተሩ ለቤት የተሠራ አይደለም፣ ዐርፎም አያውቅም። እኔ ነኝ እንደዚህ ያደረግኩት። ከሠፈሩ ሁሉ የባሰው ይሄ ነው። ቀድሞ መሄድ የነበረበት እሱ ነው።»

ኦዳሊስ ፎጣውን ከአንገቷ አወረደች።

«እርግጠኛ ነህ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

«እንግዲያው ይውሰዱት» አለችና ወደ ስፌቷ ዞረች። ያሚላ ወረቀቷን ሞላች። ኦዳሊስ የዚያን ቀን የሰፋችውን እጅጌ በማግስቱ ፈትታ እንደገና ሰፋችው፤ ጠሞባት ነበር።

ረቡዕ ዕለት መኪናው መጣ። ሕዝቡ ፍሪጆቹን በየደጁ ደርድሮ ሠርግ አስመሰለው፤ ቤኒግኖ የራሱን ፍሪጅ ክራቫት አሰረለት፣ አንዱ መለከት ነፋ፣ ሴቶቹ እየሳቁ አለቀሱ። አጎቴን አራት ጎረምሶች ተሸክመው ሲያወጡት ኤርሜሊዮ ከአንዱ ጎን ገብቶ ደገፈ። አዲሱ ነጭ ፍሪጅ በገባ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሥራ ጀመረ። ድምፅ የለውም። ኤርሜሊዮ ጆሮውን ለጥፎ አዳመጠ፤ አንድም ጥፋት ቢያጣበት ጊዜ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ኦዳሊስ ደኅና ሁን እንኳ አላለችውም።

ሐሙስ መጣ። ኤርሜሊዮ እንደ ልማዱ ታጠበ፣ ጢሙን አበጠረ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለበሰ፣ የመሣሪያ ሳጥኑን አነሣ። የራሱ ደጅ ላይ ሲደርስ ቆመ። ምን ሊጠግን? ሳጥኑን መልሶ አስቀመጠ። ተቀመጠ። ተነሣ። እንደገና ተቀመጠ። «አንተ ሽማግሌ፣ ካሁን ወዲያ ምን ቀረህ?» አለ ለራሱ ጮክ ብሎ። ከዚያ ባዶ እጁን ወጣ። ሰላም ለሚሉት ሰዎች እንኳ አልመለሰላቸውም፤ ወሬ ከያዘው ወደ ቤቱ እንደሚመለስ ያውቃል።

ኦዳሊስ በረንዳ ላይ ነበረች። ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ሳጥንህስ?»

«ቤት ነው።»

«ፍሪጁ ደኅና ነው እኮ።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምን ልትሠራ መጣህ?»

ኤርሜሊዮ ቆቡን አወለቀ። ከዚያ ውሃ እንደ ጣሰው ግድብ ሆነ። «ኦዳሊስ፣ እኔ ውሸታም ነኝ። አሥራ አራት ዓመት በየሐሙሱ መጥቼ፣ ከአራቱ ሦስቱን ምንም የተበላሸ ነገር አልነበረም። ከፍቼ አያለሁ፣ እዘጋለሁ። አንቺን ለማየት ነበር የምመጣው። እወድሻለሁ። ይኸው ነው። ከፈለግሽ አሁኑኑ እሄዳለሁ።»

ኦዳሊስ እጆቿን አጣመረች።

«በከተማው ውስጥ የሠራኸው ፍሪጅ ለሁለት ዓመት አይነካም ይባላል» አለች። «እኔ ቤት ብቻ በየሳምንቱ ይበላሻል። ይሄን የማላይ ጅል መሰልኩህ?»

«ታውቂ ነበር?»

«ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ! ዛሬ ይናገራል ስል፣ ነገ ይናገራል ስል ይኸው ጠጉሬ ነጣ። ባለፈው ሳምንት ስጪው ስትለኝ በጣም ነው የተናደድኩብህ። በቃ፣ ሰልችቼው ነው ሰበቡን አውጥቶ የጣለው አልኩ። አለቀስኩ፣ ካወቅኸው።» ድምፅዋ ትንሽ ተሰበረ፤ ከዚያ ተስተካከለ። «ትናንትና ግን ቬንትሌተሩን ከፍቼ ስሠራ አመሸሁ። ጎኔን ነፋስ ሲነካኝ ገባኝ። ይሄ ሰው ለኔ ብሎ ነው ሐሙሱን የሰጠው አልኩ።»

ኤርሜሊዮ ዓይኑን ጠረገ፣ ጢሙን ጠረገ።

«ቁጭ በል እንጂ!» አለች ኦዳሊስ። «እንደ ግብር ሰብሳቢ ቆመህ አትየኝ።»

ተቀመጠ። ማርማላታ መጣለት፣ ሁለት ሳህን ሙሉ። ያን ቀን ስለ ቤዝቦል አንድም ቃል አልተነሣም። ጎረቤቶቹ በአጥር ላይ አንገታቸውን አስግገው እስኪሰለቻቸው አዩአቸው፤ እነሱ ግን አላዩዋቸውም። ፀሐይ ጠልቃ ሊሄድ ሲነሣ፣ ኤርሜሊዮ ቆቡን በእጁ እያዞረ ደረጃው ላይ ተገተረ።

«እንግዲህ...» አለ፣ «የዛሬ ሳምንት ልምጣ?»

«የዛሬ ሳምንት?» አለች ኦዳሊስ። «ነገስ ምን አለብህ?»