ከምድር ቤት የወጡ ሸክላዎች

ሴትዮዋ የልጇን ባል አትወደውም፤ እሱም አይወዳትም። ስምንት ዓመት ሙሉ አንድ ገበታ ላይ ሲቀመጡ "ጨው አቀብለኝ"፣ "ይኸው እማማ" ከመባባል ያለፈ ጨዋታ አልነበራቸውም። እሱ የጥርስ ሐኪም ነው። ከሥራው ሌላ የሚወደው ነገር ሸክላ ብቻ ነው፤ የዱሮ ዘፈን ሸክላ ይገዛል፣ ማጫወቻ ይገዛል፣ ድምፅ ማጉያ ይገዛል፣ ገዝቶ ሳይጨርስ ሌላ ያምረዋል። እሷ ደግሞ ሠላሳ አንድ ዓመት የአንድ ሬዲዮ ጣቢያ የሸክላ ክፍል ኃላፊ ነበረች። ሁለቱን ያቀራርባል የተባለው ይኸው ሸክላ ነበር፤ ያራራቃቸውም እሱው ሆነ። ገና በእጮኝነቱ ጊዜ ስለ ድምፅ ጥራት ሊያስረዳት ሲጀምር "ቀኑን ሙሉ የጥርስ መሰርሰሪያ እየጮኸብህ ስለ ድምፅ የምታወራው በየትኛው ጆሮህ ነው?" አለችው። ከዚያ ወዲህ ቤታቸው ብትመላለስም፣ እሱ ሸክላ የሚሰማበትን ክፍል አንድ ቀን ረግጣው አታውቅም።

በጣቢያው "እትዬ መርፌ" ነበር የሚሏት። አንድም የማጫወቻ መርፌ በዓይኗ ሳትመረምር ለማንም ስለማትሰጥ ነው፤ አንድም ምላሷ ስለሚወጋ ነው። እያንዳንዱን ሸክላ በወይን ጠጅ ቀለም ቁጥር ትሰጠዋለች፤ የካርቶን ልባሱ ላይ ደግሞ ጉድለቱን ትጽፋለች፤ "ሁለተኛው ዘፈን ላይ ይዘላል"፣ "መጨረሻው ይንኮሻኮሻል" እያለች። ልጆቼን በስማቸው አውቃቸዋለሁ ትል ነበር፤ የወለደቻት ልጅ አንዲት ብቻ ሆና ሳለ።

ከአራት ዓመት በፊት ሸክላዎቹ የሚቀመጡበት የምድር ቤት ቧንቧ በዕረፍት ቀን ፈነዳ። ሰኞ ጠዋት ስትደርስ ውሃው እስከ ደረጃው ግማሽ ድረስ ወጥቷል። "የፍሳሽ ውሃ ተቀላቅሎበታል፣ መውረድ ክልክል ነው" አላት ጠባቂው። ደረጃው አናት ላይ ቆማ ካርቶን ሲንሳፈፍ አየችና ተመለሰች። በሳምንቱ አራት ሺህ ሸክላ ከጥቅም ውጭ ሆኗል የሚል ወረቀት ቀረበላት፤ ፈረመች። ከዚያ ኮሚቴ ተቋቋመ፣ ኮሚቴው "በኃላፊዋ የጥንቃቄ ጉድለት" ብሎ ጻፈ፣ ጡረታዋም ከጊዜው ሁለት ዓመት ቀድሞ ወጣ። 'የጥንቃቄ ጉድለት' የሚሉት ሁለት ቃላት ጉሮሮዋ ላይ እንደ ዓሣ አጥንት ተሰንቅረው ቀሩ።

አንድ ቅዳሜ ልጅቷ "ሁለታችሁም ሰልችታችሁኛል" አለች። "የሸክላና የማጫወቻ ኤግዚቢሽን አለ፤ ትኬት ገዝቻለሁ። አብራችሁ ሂዱና ወይ ታርቃችሁ ኑ፣ ወይ ተገዳድላችሁ ኑ።"

ሄዱ። 

ኤግዚቢሽኑ የተዘጋጀው አንድ መካከለኛ ሆቴል ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ከየክፍሉ አልጋው ወጥቶ ወንበር ተደርድሯል፣ መስኮቱ በወፍራም መጋረጃ ተጋርዷል፣ ማሚቶውን እንዲውጥ ግድግዳው ላይ ምንጣፍ ተሰቅሏል። በየወንበሩ ዕድሜያቸው ከሃምሳ የዘለለ ወንዶች ዓይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ሴት የምትባል እሷና ትኬት የምትቆርጠው ብቻ ነበሩ። በአንደኛው ክፍል ውስጥ አንዱ ሻጭ የአትክልት ማጠጫ ጎማ የሚያክል ገመድ ይዞ "ድምፁ ገና ነው፤ ገመዱ መቶ ሰዓት ካልሠራ አይሟሽም" ሲል ሰማች።

"ገመድ እንደ ምጣድ የሚሟሽ ከሆነ ጎመን ዘር አሽበት" አለችው።

ሁለት ሰዎች ዞረው ገላመጧት። የልጇ ባል ጆሮው ቀላ። "እማማ፣ እዚህ ያሉት የማውቃቸው ሰዎች ናቸው" አለ በሹክሹክታ።

"ታዲያ እኔ ምን አልኩ? ቶሎ እንዲደርስለት ነው።"

ወደ ኮሪደሩ ወጡ። እሱ ሁለት እርምጃ እየቀደማት፣ አብሯት እንዳልመጣ ሰው፣ ወደ መጨረሻው ክፍል አመራ። "የዚህኛው ሰውዬ ክፍል ነው ዋናው። ሌላ ቦታ የማይገኝ ሸክላ ያለው እሱ ጋ ብቻ ነው። እባክዎ እዚህ እንኳ..."

ቀሪውን አልሰማችውም። ከተዘጋው በር ጀርባ አንድ የክራር መግቢያ ይሰማ ነበር፤ መግቢያው ሊያልቅ ሲል ሦስት ጊዜ ቋ፣ ቋ፣ ቋ አለና ረጅም ሻካራ ጭረት ተከተለ። እግሯ ከምንጣፉ ጋር የተሰፋ መሰላት። ያን ጭረት የሠራችው ራሷ ነች። ከሠላሳ ሦስት ዓመት በፊት፣ ፕሮግራሙ አየር ላይ እያለ፣ ምጥ ድንገት ሲይዛት እጇ የማጫወቻውን ክንድ ጎተተው። የዚያን ዕለት የተወለደችው የዚህ የጥርስ ሐኪም ሚስት ናት። የዚያ ሸክላ ቅጂ ሌላ የትም የለም፤ እሱም ከአራት ሺዎቹ ጋር በፍሳሽ ውሃ በስብሷል ተብሎ ፈርማበታለች።

በሩን ገፍታ ገባች። ሃያ የሚሆኑ ሰዎች ተቀምጠዋል። ከፊት፣ አምፖሎቹ እንደ ፍም የሚበሩበት ድምፅ ማጉያ አጠገብ፣ ጸጉሩን ወደ ኋላ ያስተኛ ሰው ቆሟል። ወዲያው ለየችው። የጣቢያው ቴክኒሺያን ነበር። ማጫወቻዎቿን የሚጠግንላት እሱ ነው፤ ለዚሁ ሥራ ሲባል የምድር ቤቱ ሁለተኛ ቁልፍ በእጁ ነበር። እሱ ግን በጨለማው አላያትም። ሸክላውን አነሳና ሌላ ተካ።

"አሁን የምትሰሙት" አለ እንደ ሰባኪ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "በዓለም ላይ ያለው ይህ አንዱ ብቻ ነው።"

ዘፈኑ ጀመረ። ሴትዮዋ በሩ ሥር እንደቆመች ሁለት ስንኝ አዳመጠች። ከዚያ ጮክ ብላ "'መንገዱ' ሲል ይዘላል" አለች።

ዘፋኙ "መንገዱ" አለ፤ መርፌው ዘለለ። ከኋላ የተቀመጡት ዞሩ።

"ከዋሽንቱ በኋላ ደግሞ አንድ ዙር ይደግማል። ካልገፉት እዚያው ሲዞር ይውላል።"

ዋሽንቱ አለፈ፤ ሸክላው ያንኑ ስንኝ ደገመ፣ ደገመ፣ ደገመ። ቴክኒሺያኑ ዘሎ የማጫወቻውን ክንድ አነሳና ወደ በሩ አፈጠጠ። አወቃት። ፊቱ ላይ ድንጋጤ ያየች መሰላት፤ ግን ወዲያው በፈገግታ ሸፈነው።

"እትዬ! እንዴት ነዎት? አሉ እንዴ?"

"አለሁ። ውሃው እኔን አልወሰደኝም። እነዚህን ከየት አመጣሃቸው?"

"እናቴ፣ እኛ ሙዚቃ ልንሰማ ነው የመጣነው" አለ አንድ ሸበቶ ሰው።

"እኔም ስሰማ ነበር። ቅድም የተሰማው ሸክላ ጎን ሁለት ላይ ምን እንዳለ ልንገርህ?" በወንበሮቹ መሃል አልፋ ፊት ለፊት ቆመች። ሸክላው መሃል ያለው ክብ ወረቀት ላይ ወርቃማ ተለጣፊ ተለጥፏል። በጥፍሯ ጫፉን ፈቀፈቀችው። ከሥሩ የወይን ጠጅ ቀለም ብቅ ሲል ቴክኒሺያኑ የእጇን አንጓ ጨምቆ ያዘ።

"አይንኩ።"

"ቁጥሬ ነው። የእጅ ጽሑፌን እኔ አላውቀውም?"

"አዎ፣ የእርስዎ ነው" አለ፤ አሁን ፈገግታው ጠፍቷል፤ የሚናገረውም ለእሷ ሳይሆን ለተሰበሰበው ሰው ነበር። "ጌቶቼ፣ እኚህ ሴት የሸክላው ክፍል ኃላፊ ነበሩ። ውሃ ሲገባበት ይጣል ብለው የፈረሙት እሳቸው ናቸው። አንድ ቀን እንኳ ወርደው አላዩትም። እኔ እስከ ጉልበቴ በፍሳሽ ገብቼ፣ የተረፈውን ከቆሻሻ መኪና ላይ አወረድኩ፣ አጠብኩ፣ ነፍስ ዘራሁበት። እኔ ባልኖር ዛሬ አንዱም አይኖርም። እስቲ ይንገሩን እትዬ፣ ወርደው አይተዋል?"

 አልወረደችም። የጠባቂው "ክልክል ነው" ማለት ብቻ አልነበረም፤ ፈርታ ነበር፣ ያ ሁሉ ድካም በአንድ ቀን ጭቃ ሆኖ ማየቱን ፈርታ ነበር። ስለዚህ ሳታይ ፈረመች።

"ማነው ያስገባቸው?" አለ ከወደ ጥግ አንዱ። "የጣሉትን ሰው ሲያነሳው አሁን ቆጫቸው" አለ ሌላው፤ ሳቅ ተሰማ። የልጇን ባል በዓይኗ ፈለገችው። በሩን ተደግፎ ጫማውን ይመለከታል። ከዚያ መጥቶ ክርኗን ያዘ፤ "እንሂድ እማማ" አለ፤ እንደ ሕፃን እየመራ አወጣት።

መኪናው ውስጥ ገብተው ሁለተኛውን የትራፊክ መብራት አለፉ።

"ውሃው የገባው ከአራት ዓመት በፊት ነው አይደል?" አለ የልጇ ባል።

"ምን አገባህ?"

"ከዚያ ሰውዬ አሥራ ሁለት ሸክላ ገዝቻለሁ፤ ሁሉም ላይ ያ ወርቃማ ተለጣፊ አለ። የገዛሁበትን ቀን የውስጥ ልባሱ ላይ በእርሳስ እጽፋለሁ። ሦስቱን የገዛሁት እኛ አሁን ያለንበት ቤት ሳንገባ ነው። አምስት ዓመት አልፎታል።"

 ውሃው ሳይገባ አንድ ዓመት ቀድሞ ሸክላዎቹ ከምድር ቤት እየወጡ ነበር ማለት ነው። የተንሳፈፈው ካርቶን ባዶ ካርቶን ነበር ማለት ነው።

"አቁመው" አለች።

ዳር ይዞ አቆመ።

"እዚያ ሲያዋርደኝ ይህን ታውቅ ነበር?"

"እሱ ሲናገር ነው የገጠመልኝ።"

"ታዲያ ምላስህን ምን ዋጠው?"

"እዚያ ያሉት ሁሉ የሚያውቁኝ ሰዎች ናቸው። የተሰረቀ ዕቃ ገዢ ነው ልባል..."

"እኔስ? እኔን አታውቀኝም?"

"እርስዎንማ አውቃለሁ" አለ፣ ከስምንት ዓመት ጀምሮ ያጠራቀመው ሁሉ አንደበቱ ላይ መጣ። "በገዛ ቤቴ የረገጡኝን፣ በልጅዎ ፊት ያሳነሱኝን እርስዎን አውቃለሁ። አንድ ቀን ያን ክፍል ከፍተው ቢገቡ ኖሮ ሸክላዎችዎን ራስዎ በድምፃቸው ይለዩዋቸው ነበር። አምስት ዓመት ሙሉ በግድግዳው ማዶ ተቀምጠው ሻይ ሲጠጡ ነበር።"

በሩን ከፍታ ወረደች፤ በአውቶቡስ ወደ ቤቷ ገባች።

ልጅቷ ከሁለቱም የሆነውን በየተራ ሰማች። ለባሏ ምን እንዳለችው አይታወቅም። በዘጠነኛው ቀን ግን የእናቷ በር ተንኳኳ፤ ስትከፍት የጥርስ ሐኪሙ የፍራፍሬ ሣጥን ታቅፎ ቆሟል። አሥራ ሁለቱም ውስጡ ነበሩ፤ ከላይ መቼና ከማን እንደገዛቸው የሚገልጽ በእጁ የተጻፈ፣ የተፈረመበት ወረቀት።

"እንዳያመሰግኑኝ" አለ።

"ማን አሰበው።"

"ሰባተኛውን እንኳ ሳልሰማው ነው የሰጠሁት።"

"መጨረሻው ይንኮሻኮሻል። አልቀረብህም" አለች ሰባተኛውን ሳብ አድርጋ ስሙን አንብባ፤ ሣጥኑን ተቀብላም በሩን ዘጋች።

ሣጥኑንና ማመልከቻዋን ይዛ ጣቢያው ሄደች። አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ሦስት ጊዜ አመላለሳት፤ በአራተኛው የሕግ ክፍሉን ጠራ። ቴክኒሺያኑ መጀመሪያ ካደ፣ ቀጥሎ ቁልፉ ሌላም ሰው ጋ ነበር አለ፤ በመጨረሻ እንዳይከሰስ ተስማምቶ ቤቱ የነበሩትን ስድስት መቶ አርባ ሸክላዎች መለሰ። የቀሩት የት እንደገቡ አልተናገረም። ከኤግዚቢሽኑ ሰዎች ሁለቱ ከጥርስ ሐኪሙ ጋር ሰላምታ አቆሙ፤ ለዚህም ተጠያቂዋ እሷ ነች ብሎ እስከ ዛሬ ያኮርፋታል። ለእሷ ባለ አንድ ገጽ ደብዳቤ ተሰጣት። የቀድሞው ኮሚቴ ውሳኔ ተሽሯል ይላል፤ ይቅርታ የሚል ቃል የለበትም።

ደብዳቤው በተሰጣት በሳምንቱ ጣቢያው የተመለሱትን ሸክላዎች እንድትለይ ጠራት። ፀሐይ የሚገባበት ጠባብ ክፍል ሰጧት፣ ከአንድ ማጫወቻ ጋር። ወርቃማውን ተለጣፊ እየላጠች፣ አንድ በአንድ እየጫነች አዳመጠች። ሌባው በአያያዙ ያበላሸውን እየለቀመች ለመጻፍ ወረቀትና ወይን ጠጅ ቀለም አዘጋጅታ ነበር። ግን በመስመሮቹ መሃል የአቧራ ዘር የለም። ያ ሠላሳ ዓመት ሲንኮሻኮሽ የኖረው የጥርስ ሐኪሙ ሰባተኛ ሸክላ እንኳ፣ ሌባው ለገዢ ከመስጠቱ በፊት አጥቦት፣ እስከ መጨረሻው ጥርት ብሎ ተጫወተ። እሷ በሥራ ዘመኗ እንዲህ አጽድታው አታውቅም። ይህ ከሁሉም በላይ አናደዳት። መርፌውን ወደ መጀመሪያው መልሳ እንደገና ሰማችው፤ የሚጻፍ ጉድለት አጣችበት።