ለውበት ከሆነ አይሸፈንም

የሰደበኝ ገብረየስ ነው። ኮሮና ከመግባቱ በፊት ባለው ጥቅምት፣ ቅዳሜ ረፋዱ ላይ፣ ሰበታ እህል በረንዳ፣ ከራሱ መጋዘን ደጃፍ። ከተፍኪ የመጣ ጤፍ እያራገፍን ነበር። ኩንታሉን ማጅራቴ ላይ አድርጌ ወደ መጋዘኑ ስገባ፣ በሩ ላይ ተቀምጦ ሻይ የሚጠጣው ገብረየስ ሰው ሁሉ እንዲሰማው አድርጎ፣

«እንዴ! ተክሉ ሻኛ አበቀለ እኮ! ጎበዝ፣ ይሄ ለፋሲካ ቅርጫ ደርሷል። ሻኛው የኔ ነው፣ ቀድሜ ተናግሬያለሁ!» አለ።

የሳቁትንም አውቃቸዋለሁ። አብሮኝ የሚሸከመው ገርባ ሳቀ። ሚዛን ላይ የምትቆመው ገለቴ ሳቀች። የአይሱዙው ሾፌር ሳቀ፤ ስሙን አልያዝኩትም እንጂ ታርጋውን እስከዛሬ አልረሳሁትም።

ማጅራቴ ላይ እብጠት አለ፣ አልክድም። ሲነኩት ልስልስ ይላል፣ አያመኝም። መጀመሪያ ሎሚ ያህል ነበር፤ አሁን ቡጢ ያህላል። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ግን ተክሉ ብሎ የሚጠራኝ ጠፋ። «ሻኛው፣ ተራህ ደርሷል!» «ሻኛው፣ ሲሚንቶ መጥቷል፣ ና!» ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ሰው ነኝ። ያኔ አስተማሪው ምን ብሎ እንደሰደበኝ አስታውሳለሁ፤ አማቴ ምን ብለው እንደሰደቡኝም አስታውሳለሁ። እነሱ ግን አንዴ ብለው ተዉኝ። ይሄኛው ስም ሆኖ ቀረ።

ዘንድሮ ልጄ ሮዳስ ልታገባ ሆነ። ቡራዩ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው። ሠርጉ ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ነው። የሚያገባት ልጅ ጨዋ ነው፣ በእሱ ምንም አልልም። ሽማግሌ ሲላክ ግን አጎቴ ብሎ ያመጣው ማንን ነው? ገብረየስን። ለካ የእናቱ ወንድም ኖሯል። ቤቴ ገብቶ ተቀመጠና፣ «ተዛመድን እኮ ተክሉ!» ብሎ ጉልበቴን መታ መታ አደረገኝ። ያን ቀን ሻኛ አላለም። እኔ ግን የሠርጉ ቀን ታየኝ። ድንኳኑ ሞልቶ፣ ሥጋው ተሰቅሎ፣ ገብረየስ ቢላዋ ይዞ ቆሞ፣ ልጄ በቬሎ ተቀምጣ። ምን እንደሚል አውቃለሁ። ማን እንደሚስቅም አውቃለሁ።

ባለቤቴ ማሪቱ፣ «ታዲያ ለምን አታስወጣውም? የጤና መድን አባል አይደለን? በየዓመቱ በከንቱ ነው እንዴ የምንከፍለው?» አለችኝ። የግል ክሊኒክ አቅማችን እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

የመድኑ ቢሮ ሄድኩ። ፈቲያ የምትባል ልጅ ናት የምታስተናግደው። ደብተሬን አየች፣ ማጅራቴን አየች።

«ስብ ነው አይደል ጋሼ?»

«ጤና ጣቢያ ስብ ነው ብለውኛል።»

«ሰሞኑን ሰው ሁሉ ስብ ስብ ሆነብኝ። ትናንት የገዛ አክስቴ ከሱሉልታ ደውላ፣ ሆዴን ባስመጥጥ መድናችሁ ይከፍላል ወይ ትለኛለች። ቲክቶክ ላይ አይታ!» ሳቀች። «ለውበት ከሆነ አይሸፈንም። ለአክስቴም አልሸፈንኩላት።»

«እኔ በዚህ ዕድሜዬ ምን ውበት አምሮኝ ነው?»

«አይቆጡኝ እንጂ ጋሼ። ሕመም ከሆነ ወይ ከሥራ የሚያግድ ከሆነ ይሸፈናል። እሱን ሐኪም ይበለው፤ እኔ ሐኪም አይደለሁ።»

ሪፈር ተጽፎልኝ ሆስፒታል ሄድኩ። ባርናባስ የሚባል ወጣት ሐኪም በጣቱ ጫን ጫን አደረገው። ክፉ ነገር አይደለም፣ ይዘኸው ብትኖርም አይገድልህም አለኝ። በዕድሜ ልጄ የሚሆን ነው፣ አንተ እያለ ነው የሚያናግረኝ።

«ያምሃል?»

«አያመኝም» አልኩ። አፌ ቀደመኝ።

«ሥራ ይከለክልሃል?»

እዚህ ላይ ነቃሁ። «ይከለክለኛል።»

«ሥራህ ምንድን ነው?»

«ሸክም።»

«እንግዲያው ከምትሠራበት ቦታ ሥራ እንዳገደህ ደብዳቤ አምጣ። አለዚያ የውበት ነው ብዬ ነው የምጽፈው። ከዚያ በራስህ ወጪ ነው።»

የምሠራበት ቦታ የጫኝና አውራጅ ማኅበሩ ነው። ሊቀመንበሩ ኦቦ ጂሬኛ «አካም ጂርታ ተክሉ» ብሎ ተቀበለኝ፤ ሽማግሌ ነው፣ ማንንም በስሙ ነው የሚጠራው። ነገሩን ነገርኩት። ደብዳቤውን አስጻፈ፤ ማኅተሙን ግን ከመሳቢያው አላወጣውም።

«እኛ ብቻ ብንል ለጓደኛቸው ነው ይሉናል» አለ። «ከነጋዴዎቹ አንድ ሰው ይፈርምበት፣ ያኔ እመታልሃለሁ። ብዙ የምትሸከምለት ማን ነው?»

ደብዳቤውን ከጠረጴዛው ላይ አነሳሁ።

«ገብረየስ ነዋ!» አለ ገርባ በር ላይ ሆኖ። «ሻኛው ከገብረየስ መጋዘን መቼ ወጥቶ ያውቃል?»

ገብረየስ ያን ቀንም በሩ ላይ ተቀምጦ ነበር። መነጽሩን አድርጎ ደብዳቤውን ጮክ ብሎ አነበበው። «የማጅራቱ እብጠት የሸክም ሥራውን እንዳይሠራ ያገደው መሆኑን...» መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለና አየኝ።

«ማንን ነው ያገደው? አንተን? ጠዋት ጤፌን ሁሉ ያራገፈው ማን ነው ታዲያ?» ወደ ገለቴ ዞረ። «ገሌ፣ እኔ አዲስ ሸካሚ ሲመጣ ምን እለዋለሁ?»

«ተክሉን እየው ትለዋለህ» አለች ገለቴ ከሚዛኑ ላይ ቀና ሳትል።

«ተክሉን እየው ነው የምለው! ኩንታሉ ትራስ ላይ የተኛ ነው የሚመስለው። እንደዚህ ሰውዬ ያለ ማጅራት እዚህ ገበያ አለ?»

አልዋሸም። በስንት ዓመት አንድ ጊዜ አመሰገነኝ፤ እሱም ደብዳቤዬን ሊያስቀርብኝ ነው።

ገብረየስ ግን ስክሪፕቶውን ከኪሱ አወጣ። ድምፁንም ቀነስ አደረገ።

«ስማ፣ አሁን ዘመዳሞች ነን። ውሸት ቢሆንም እፈርምልሃለሁ። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። አያምህም፣ አይከለክልህም። ደህና አካልህን በቢላዋ ላስቀድድ የሚያሰኝህ ምንድን ነው? ሰው ምን አለህ?»

ፊቱን አየሁት። ሊያሾፍብኝ መስሎኝ ነበር፤ አላሾፈም። ከልቡ ነው የጠየቀኝ። እኔ ቀኑን፣ የወረደውን ጤፍ፣ የሾፌሩን ታርጋ ሳይቀር ይዤ ስኖር፣ እሱ ሻዩን ጠጥቶ ሳይጨርስ ረስቶታል።

ብነግረው አንድም ይስቃል፣ አንድም ይቅርታ ይለኛል። ይቅርታ ካለኝ ደግሞ በሠርጉ ቀን ድንኳን ውስጥ ቆሞ እንዴት ይቅርታ እንዳለኝ ያወራዋል።

ስክሪፕቶውን ወረቀቱ ላይ አድርጎ ይጠብቀኛል። ወረቀቱን ከሥሩ ሳብኩት፣ አጠፍኩት፣ ኪሴ ከተትኩት።

«ምነው? እፈርማለሁ አልኩህ እኮ! ተክሉ! ኧረ ሻኛው!» አለ።

ሳይፈርምልኝ፣ እብጠቴን እንደያዝኩ አስፋልቱን ተሻግሬ ሄድኩ።